የቦሰን ምንጣፍ

እርጥበቱ ምንጣፉ መሐል ላይ ነበር። ወንድ ውሻ ደግሞ መሐል ላይ አይሸናም፤ አንድ የቆመ ነገር ይፈልግና እግሩን አንሥቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ ጀልባ ላይ አልነበረም። ሦስት ሰዎችና ሁለት ወንድ ውሾች ነበርን፤ ሃያ ቀን ሙሉ ከሽንት ሌላ ወሬ አልነበረንም። ሆኖም ያቺን ክብ እርጥበት ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየናት፤ አባቴም አጨበጨበላት፤ የት ቦታ እንዳለች ግን ማንም ልብ አላለም። ልብ የተባለው በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ የብሱ ከኋላችን በጭጋግ ተውጧል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ካለችው ከተማችን ከናናይሞ ተነሥተን፣ ሸራ ዘርግተን፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዘን ወደ ሰሜን እንወጣለን። አባቴ ዴዝመንድ መነጽር የሚለካ ባለሙያ ነው። ሥራው ሰው ምን ያህል አርቆ እንደሚያይ መመርመር ሲሆን እሱ ራሱ አላስካን ከቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ያያት ነበር። ከአጠገቡ ያለውን ነገር ግን አያይም። ጀልባዋን በእናቴ ስም «ሞሪን» ብሎ ሰይሟታል፤ እናቴን አላስፈቀዳትም። «ሞሪን ነፋስ ትወዳለች» ብሎ ለሰው ሲያወራ እናቴ ከጓዳ ሆና «የትኛዋ?» ትል ነበር።

የዚያ ክረምት ጉዳይ አንድ ነገር ነበር፤ ቤታችን ይሸጣል ወይስ አይሸጥም። አባቴ ቤቱን ሸጦ ጀልባዋ ላይ መኖር ይፈልጋል። የእኔ ትምህርት በፖስታ ይመጣል፤ ወተት በዱቄት ይሆናል። እናቴ አትፈልግም። ግን «አልፈልግም» የሚለውን ቃል አባቴ መስማት ስለማይችል፣ በተነሣን በሁለተኛው ቀን ነገሩን ወደ ውሻ አዞሩት። እኔ ጠባቧ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ ነበር።

«ከመጨረሻው ወደብ፣ ከፖርት ሃርዲ፣ እስከ ሩቆቹ ደሴቶች አንድ ቀን ተኩል ነው» አለ አባቴ። «ከዚያ አላስካ። ከዚያ ወዲያ ማን ከልካይ አለን?»

«ቦሰን ቀንና ሌሊት ሽንቱን ይዞ መቆየት አይችልም።»

«ይማራላ! ምንጣፉን የገዛሁት ለምንድን ነው?»

«ከተማረ እፈርማለሁ» አለች እናቴ። «ቤቱንም ሽጠው። ፖርት ሃርዲ እስክንደርስ ካልተማረ ግን ዞረን ቤታችን እንገባለን፤ የምትሸጠዋ ጀልባዋ ትሆናለች።»

«እጅሽን ስጪኝ!» አለ አባቴ፤ ሲስቅም ሰማሁት።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ኑሯቸውን በአንድ ውሻ ፊኛ ላይ ጣሉት፤ ውሻው አይከራከራቸውማ። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። እናቴ ለመሄድ ቸኩላለች፤ እንቅፋቱ ቦሰን ብቻ ነው። ይኸው ነው የገባኝ።

ምንጣፉ ከሰው ሠራሽ ሣር የተሠራ፣ አረንጓዴነቱ ዓይን የሚያም፣ ከፊት ለፊት ወለሉ ላይ የታሰረ ነገር ነበር። ትንሹ ውሻችን ሙንጎ ችግር አልነበረበትም። በመጀመሪያው ቀን የሸራውን ምሰሶ፣ የተጠቀለለውን ገመድ፣ የዳቦውን ከረጢትና የአባቴን ግራ ጫማ በተራ ባርኳል። ትልቁ ጥቁሩ ቦሰን ግን ምንጣፉን እንደ እንግዳ ሰው ዞሮት ያልፋል። ቡችላ ሳለ «ቤት ውስጥ አይሸናም» ብላ ያስተማረችው እናቴ ናት። ዛሬ ሳስበው፣ ያቺን ጀልባ ከልቡ ቤቴ ብሎ የተቀበለ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ነው የማይሸናባት።

አባቴ ደንብ አወጣ። በጧት ከሁለት ሰዓት በፊት ውሻ ወደ የብስ አይወርድም። ሲጨንቀው ይማራል። እናም በየማለዳው የካፒቴን ቆቡን ደፍቶ፣ ሻዩን ይዞ፣ ምንጣፉ አጠገብ ተቀምጦ ቦሰን ላይ ያፈጥጣል። ቦሰንም መልሶ ያፈጥጥበታል። ሁለት ሰዓት ሲሆን አባቴ «ነገ!» ይልና በትንሿ ታንኳ ወደ ዳር ያወርደዋል።

ምሽት ላይ መልሕቅ በጣልንበት ወሽመጥ ጀልቦቹ ይጠጋጋሉ፤ ሰዎቹ መጠጥ ይዘው ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ጡረተኛው መምህርም ብርጭቆ በእጁ ይዞ የሚያወራው ስለ ውሻ ሽንት ነው። ከሁሉ በላይ አዋቂ ሚስስ ሃሊዴይ ነበሩ። ብቻቸውን የሚጓዙ ባልቴት ናቸው፤ ፀጉሩ የተከረከመ ነጭ ፑድል ውሻ አላቸው፤ ስሙ ኮንሱል ይባላል፤ ቀይ የሕይወት አድን ጃኬት ከነኪሱ ለብሷል። ከእኛ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚወጡ በየወሽመጡ እናገኛቸዋለን።

«የእኔው ኮንሱል በአንድ ቀን ነው የተማረው» አሉ ሚስስ ሃሊዴይ። «አንተ ስለምታፈጥጥበት ነው ዴዝመንድ። ሰው አፍጥጦብህ ትሸናለህ?»

«እኔ ከፈለግሁ እሸናለሁ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው አሳየው! ጌታው ሲያደርግ ካላየ በምን ይወቅ?»

ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ የቦሰንን ጆሮ ታሻሻለች።

«አለበለዚያ ሽታ አምጣለት» አሉ ሴትዮዋ። «የሌላ ውሻ ሽንት ምንጣፉ ላይ አፍስስ። ሽታ ነው የሚያስተምራቸው።»

አባቴ ሙንጎን ተከትሎ በስፖንጅ ሲቀዳ ሁለት ቀን ዋለ። ቦሰን መጥቶ አሸተተ፤ አባቴን ቀና ብሎ አየው፤ አዘነለት መሰለኝ፤ ሄዶ ተኛ።

እናቴ ደግሞ ሌላ ነገር ታደርግ ነበር።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። በራሴ በኩል ባለችው ትንሽ መስኮት ስመለከት እናቴ በሌሊት ልብሷ ላይ የዝናብ ካፖርት ደርባ ታንኳዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ቦሰን ከፊቷ ተገትሯል። መቅዘፊያዎቹ ከታንኳዋ ጠርዝ ጋር በሚነካኩበት ቦታ ፎጣ ጠምጥማባቸዋለች። ብርዱ ስለጎዳቸው መሰለኝ። ውኃው እንደ ወተት የረጋ ነው። ዳር ሲደርሱ ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር እናቴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ድብ ቢመጣ ለማስፈራሪያ የድስት ክዳን በብብቷ ይዛለች። ቦሰን አንድ የዝግባ ግንድ ላይ እግሩን አንሥቶ፣ እግሩ እስኪዝል ቆመ።

ሲመለሱ ፎጣውን ፈትታ የቦሰንን እግር አንድ በአንድ አደረቀችው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ለአባትሽ አትንገሪው» አለች በሹክሹክታ።

«ምሥጢር ነው?»

«የእኔና የአንቺ። የቦሰንም።» አንድ ብስኩት ሰጠችኝ።

ወዲያው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ መሰለኝ። እናቴ ቦሰንን በድብቅ እያስተማረችው ነው! ፖርት ሃርዲ ስንደርስ ለአባቴ ድንገት ልታሳየው ነው! ከዚያ በኋላ በየማለዳው በመስኮቴ እያየኋት በደስታ እግሬን አንፈራግጥ ነበር። ያ ሁሉ ቅዘፋ ቦሰን በሁለት ሰዓት እንዳይጨንቀው፣ ምንጣፉን እንዳይፈልገው መሆኑን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድሁ በኋላ ነው። ቀኝ ትከሻዋ እስከ ዛሬ ያማታል።

ፖርት ሃርዲ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጨነቀኝ። ቦሰን ምንም አልተማረም። የእናቴ ስጦታ ሊበላሽ ነው። አባቴ ጓዳ ውስጥ ካርታ ላይ ተደፍቶ ያፏጫል፤ እናቴ ድንች ትልጣለች። የሚስስ ሃሊዴይ ምክር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ከበረኪና ዕቃ ተቆርጦ በተሠራው ውኃ መቅጃችን የሙንጎን ልቀዳ ሞከርሁ፤ መቅጃውን ነከሰው። ስለዚህ ከሸራው ጀርባ ተደበቅሁና መቅጃውን ራሴ ሞላሁት። ወስጄም ምንጣፉ መሐል ላይ፣ በጥንቃቄ፣ ክብ አድርጌ አፈሰስሁት። በሥራዬ ኮራሁ።

«አባዬ! ቦሰን ሸና!»

አባቴ ራሱን ከመግቢያው ጣውላ ጋር አጋጭቶ ወጣ። አየ። ተንበርክኮ አሸተተ። ከዚያ በጭጋግ ጊዜ የሚነፋውን ጥሩምባ አንሥቶ ወሽመጡ እስኪያስተጋባ ነፋው። ኮንሱል ከወዲያኛው ጀልባ ጮኸ። አባቴ ሦስት ቋሊማ ለቦሰን ሰጠው። ቦሰን ቋሊማውን ከመብላቱ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ውሻ አለመኖሩን አረጋገጠ።

እናቴ ቢላዋና ድንች እንደያዘች ብቅ አለች። «በዓይንሽ አየሽው ሎርና?»

«በዓይኔ!»

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የደስታ መሰለኝ፤ ጠቀስኋት። ምን እያልኋት እንደሆነ አልገባትም። ያን ቀን የላጠችው ልጣጭ ከድንቹ ይወፍር ነበር።

እናቴ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ጧት አልቀዘፈችም፤ ቦሰንን በሁለት ሰዓት አባቴ ራሱ ለሽልማት ብሎ ወደ ዳር አወረደው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፖርት ሃርዲ ደረስን፤ ቦሰን ወደብ ወርዶ ከመኝታ በፊት ሸና። አባቴም የቤቱን የሽያጭ ፈቃድ ወረቀት ከካርታው ሣጥን አወጣና የጓዳው ጠረጴዛ ላይ አነጠፈው። እናቴ ፈረመች። ስትፈርም ሌላኛው እጇ ጠረጴዛውን ይዞ ነበር፤ ጀልባዋ ግን አልተነቃነቀችም። ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል።

«ከደሴቶቹ እንልከዋለን» አለ አባቴ። «ምን ያስቸኩላል? አሁንማ አለቀ!»

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። እናቴ የቦሰንን ገመድ ይዛ ወደ ወደቡ ስትል አባቴ አስቆማት። «ለምን ይወርዳል? የራሱ ምንጣፍ አለው እኮ!»

ክፍት ባሕር ስንገባ ውኃው ከሥር ማበጥ ጀመረ። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። እስከ ሦስት ሰዓት አባቴ ያፏጭ ነበር። በአራት ሰዓት ማፏጨቱን ተወ። በአምስት ሰዓት ፊቱ የምንጣፉን ቀለም ያዘ፤ ቆቡን ግን አላወለቀም። የብሱ ጠፋ። ቦሰን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይመላለሳል። ምንጣፉ ዘንድ ይደርሳል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ከዚያ ቆሞ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ከጉሮሮው የምትወጣው ድምፅ በጣም ቀጭን ነበረች።

«ዓርብ ዕለት ያደረገውን ረሳው እንዴ?» አለ አባቴ። «ማስታወስ ነው የሚያስፈልገው።»

መሪውን ለእናቴ ሰጥቶ በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ ፊት ሄደ። ሆዱ እየታወከ ምሰሶውን በአንድ እጁ አቅፎ፣ ቆቡን እንደደፋ፣ ምንጣፉ ላይ ቀኝ እግሩን አነሣ።

«እየው ቦሰን! እንዲህ! እንዲህ ነው!»

ማዕበሉ ከፍ ሲያደርገን እግሩ ይወርዳል፤ ዝቅ ሲያደርገን ያነሣዋል። ቦሰን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተው። ሙንጎ ግን ትምህርቱ ስለገባው ሮጦ መጣና የምሰሶውን ሥር፣ ከአባቴ ጉልበት ጋር አጠጣው።

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ከተነሣን ጀምሮ ያኔ ነበር። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመ። ምሰሶው ሥር ያለውን እርጥበት አየች። ምንጣፉን፣ መሐሉን አየች። ከዚያ እኔን።

«ሎርና፣ ዓርብ ዕለት ቦሰን እግሩን አነሣ?»

«አዎ።»

«የት ላይ?»

ቦሰን መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ሆዱን ስነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አለቀስሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ የሸናሁት!»

አባቴ ከምሰሶው ሥር «ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። ዓርብ ዕለት በአንድ ቃል ያመነኝ ሰው ዛሬ ሊያምነኝ ፈቃደኛ አልነበረም።

«ለምን ልጄ?» አለች እናቴ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ስጦታሽ እንዳይበላሽብሽ ብዬ!»

«የምን ስጦታ?»

«ለአባዬ ልታሳዪው የነበረው! በየሌሊቱ በታንኳ እየወሰድሽ የምታስተምሪው!»

እኔ እስከ ዛሬ፣ ልጆቼ ሰው ፊት አፋቸውን ሲከፍቱ ምን ሊያወጡ ነው ብዬ ዓይን ዓይናቸውን የማየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አባቴ እየዳኸ መጣ። «በየሌሊቱ ምን?»

«ሃያ ሌሊት» አለች እናቴ። መሪውን አልለቀቀችም። «መቅዘፊያው እንዳይሰማህ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ድብ እየፈራሁ፣ ቀዝፌያለሁ።»

«አታለልሽኝ!»

«አታለልሁህ። መጋቢት ላይ አልፈልግም አልሁህ። ሚያዝያ ላይ አልፈልግም አልሁህ። ግንቦት ላይ ለቅሶ ጨምሬ ነገርሁህ፤ አንተ ሄደህ ምንጣፍ ገዛህ።»

«ፍርሃት መስሎኝ ነዋ! አንዴ ከለመድሽው...»

«እኔ ቡችላ ነኝ?»

አባቴ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ወደ ባሕሩ ጎንበስ አለ፤ ሻዩም ቁርሱም ወጣ። አፉን ጠርጎ «አንድ ሰዓት ስጡት» አለ። «አንድ ሰዓት ብቻ፤ ይሸናል።»

«ያንተ ፊኛ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ዞረን ነበር» አለች እናቴ፤ መሪውን እስከ ጥግ ገፋችው። ሸራው ተንጫጫ፣ ተሻገረ፣ በሌላው በኩል ነፋስ ሞላ። «ሞሪን ነፋስ ትወዳለች» አለች። «ያቺን ገመድ ሳቢልኝ ሎርና።»

አባቴ ቁጭ ብሎ ቆቡን አወለቀ። እሱ ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። እሑድ እሑድ ስልክ ይደውልልኛል። ወሬ ሲያልቅበት «ዓርብ ዕለት ግን ያ ውሻ ሸንቶ ነበር» ይለኛል። እኔም «አዎ አባዬ» እለዋለሁ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በዚያ አገር ክረምት ቀኑ ረጅም ነውና ገና ብርሃን ሳለ፣ ፖርት ሃርዲ ደረስን። ቦሰን ገመድ እስክናስር አልጠበቀም፤ ዘሎ የወደቡን የመጀመሪያ ምሰሶ ያዘ። ሚስስ ሃሊዴይ ከጀልባቸው ሆነው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ይቆጥሩ ጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን አቆሙ።

«አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ!» አሉ ሚስስ ሃሊዴይ። «ዴዝመንድ፣ ይኼንን ሁሉ የት አስቀምጦት ነው?»

ጭብጨባ ሆነ። አባቴ ወደ ጓዳ ወርዶ መግቢያውን ከላዩ ከደነ። እናቴ ቀድማ የካርታውን ሣጥን ከፍታ ነበር፤ የፈረመችውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደችው፤ ቁርጥራጩንም ሄዳ የወደቡ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። ባሕር ውስጥ ቆሻሻ የምትጥል ሴት አይደለችም።

በማግስቱ እናቴና እኔ ቦሰንን ይዘን በአንድ የዓሣ መኪና ወደ ቤት ተሳፈርን። አባቴ ከሙንጎ ጋር ቀረ። «ሞተሩን አይቼ እመጣለሁ» አለኝ፤ አምኜው «ቶሎ ይሠራልህ» አልሁት። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ሲሰናበት እናቴን አልሳማትም፤ እሷም ፊቷን አላቀረበችለትም። እኔ ሁለቱም ዓሣ ዓሣ ስለሚሸቱ መሰለኝ።

ሃያ ቀን በየወሽመጡ እያደርን የወጣነውን መኪናው በአንድ ቀን ወረደው፤ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ሳልሞን ዓሣ አወራ። ቤት ስንደርስ ሊመሽ ነው። ቤቱ የታፈነ የእንጨት ሽታ ይሸታል፤ የግድግዳው ሰዓት ቆሟል። ቦሰን ክፍል ለክፍል ዞረና የራሱ ቦታ ላይ ዘፍ አለ። እናቴ መስኮቶቹን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋቻቸው። ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ የወጥ ቤቱን መሳቢያ አውጥታ፣ ላስቲኩንና ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ወዲያ እያለች አንድ ነገር ትፈልግ ጀመር።

«ምን ጠፋብሽ እማዬ?»

«የበሩ ቁልፍ።»

በእኛ መንገድ በር የሚቆልፍ ሰው አልነበረም። ቁልፍ እንዳለንም አላውቅም ነበር። አገኘችው፤ ዝጓል። የምግብ ዘይት በጣቷ ቀባችውና ወደ በሩ ሄደች።

«አባዬስ? ሲመጣ በምን ይገባል?»

«እጅ አለው አይደለም?» አለች። «ያንኳኳ።»

ቁልፉ መጀመሪያ አልዞር አለ። በሁለት እጇ ያዘችው፤ በቀኝ ትከሻዋ ተደገፈችው፤ ቀጭ አለ።